የትኛው ቶዮታ?

ለጋዜጣው የዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የእህቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት የመኪና ገጻችሁን ቀዶ ይዞልኝ መጣ። አንዱን መስመር በቀይ እስክሪብቶ አስምሮበታል። «ቶዮታ የመስክ መኪና ከሆነ ዓይንን ጨፍኖ መግዛት ይቻላል» ይላል። «ጋሼ፣ ይኸው ጋዜጣውም ብሎታል» አለኝ። እሱና ሁለት ጓደኞቹ ለአምስት ዓመት ዕቁብ ጥለው ያጠራቀሙት ገንዘብ አለ። መኪና ገዝተው ለአስጎብኚ ድርጅቶች ሊያከራዩ ነው። አንድ ደላላ ፕራዶ አሳይቷቸዋል። ቀለሟ ያበራል፣ ወንበሯ ቆዳ ነው። «ሞተሯ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። «ቶዮታ ነዋ!» አለኝ።

እኔ 27 ዓመት የነዳሁ ሹፌር ነኝ። መጀመሪያ ለዕርዳታ ድርጅት፣ ከዚያ ለጎብኚዎች። ዳሎል ወርጃለሁ፣ ሳነቴ ወጥቻለሁ፣ ኦሞራቴ ደርሻለሁ። የነዳኋቸው ከሞላ ጎደል ሁሉም ቶዮታ ናቸው። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ጥቁር ሽፋን ያለው ደብተር እይዛለሁ። ዘይት መቼ እንደተቀየረ፣ ምን እንደተሰበረ፣ የት፣ በስንት ኪሎ ሜትር፣ ስንት ብር እንደፈጀ እጽፍበታለሁ። አሁን አራተኛው ደብተር ላይ ነኝ። ቶዮታን እወዳለሁ፤ ሦስት ልጆች ያሳደግኩት በእሱ ነው። ደብተሬ ላይ ግን «ቶዮታ» ተብሎ ብቻ የተጻፈ መኪና የለም። ያሉት ኤችዜድጄ 78፣ ኬዜድጄ 95፣ ኬዲጄ 120 የሚሉ የሞዴል ኮዶች ናቸው። ያንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው።

ስሙን ያመጣችው አንዷ ናት፤ ላንድክሩዘር። እ.ኤ.አ. በ1951 ቶዮታ የሠራት የመጀመሪያዋ ጂፕ የፉጂን ተራራ እስከ ስድስተኛው ጣቢያ ድረስ ወጣች። ላንድክሩዘር የሚለው ስም የወጣላት በ1954 ነው። በእኛም ገጠር ብዙ ሰው ቶዮታን ያወቀው በእሷ ነው። ክትባት ይዛ የምትመጣ፣ ወንዝ የምትሻገር፣ ወላድ ጭና የምትሮጥ መኪና። ራቭ4 እ.ኤ.አ. በ1994 ስትወጣ የተሠራችው እንደ ቤት መኪና ነው። አካሏን የሚሸከም ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላትም። እሷም ጥሩ መኪና ናት፤ ግን በታላቋ ስም ነው የምትሸጠው። ራሽ ደግሞ ቶዮታ ተብላ ትሸጥ እንጂ የሠራት ዳይሃትሱ ነው። አዲስ አበባ ላይ ከምናውቃት ቴሪዮስ ጋር ቅርብ ዘመድ ናት። ገዢ ይህን ሳያውቅ ሦስቱንም በአንድ ሚዛን ይለካቸዋል።

እስቲ ደብተሬን ልግለጥላችሁ።

ሃርድቶፕ የምንላት ኤችዜድጄ 78 ሞተሯ 1ኤችዜድ ነው። 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ናፍጣ። አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ ተርቦ የላትም። የናፍጣ ፓምፗ መካኒካል ነው፤ ኮምፒውተር አያዘውም። አንዷን 11 ዓመት ይዣታለሁ። ስመልሳት 486 ሺህ ኪሎ ሜትር ነድታ ነበር፤ የሞተሯ የላይ ክፍል፣ ቴስታታዋ፣ አንድም ቀን አልተከፈተም። የተሰበረ ነገር የለም ማለቴ አይደለም። የኋላ ባሌስትራ ሰባት ጊዜ፣ ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ፣ የፊት ጎማ ኩሽኔታ ሦስት ጊዜ፣ ራዲያተር አንድ ጊዜ። እዚህ ላይ ግን የምወደው ነገር አለ። ሁሉም የተሠሩት ባሉበት ነው። አንድ ጊዜ ከቱርሚ ስንመለስ ዋናው የባሌስትራ ቅጠል ለሁለት ተከፈለ። በገመድና በእንጨት አስረን ጂንካ ገባን። አንድ ልጅ ከአይሱዙ የወጣ ቅጠል በመጋዝ ቆርጦ፣ በስቶ፣ ገጠመልን። በማግስቱ መንገድ ቀጠልን። ያ ቅጠል ሌላ አራት ዓመት ሠርቷል።

ለእኔ አስተማማኝ መኪና ማለት ይህ ነው። የማትሰበር መኪና አላየሁም። የት እንደምትሰበርና እዚያ ማን ሊሠራት እንደሚችል ነው ጥያቄው።

ሃርድቶፕም ድካም አላት። ጣርማ በርን ሽቅብ ስትወጣ በሁለተኛ ማርሽ ታቃስታለች። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ የሚገፋላት ተርቦ ደግሞ የለም። ከኋላ የተቀመጠ እንግዳ ወገቡን ያማርራል። አንድ ሌላ ነገርም ልጨምር፤ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። 1ኤችዜድ ሰንሰለት ያለው ይመስላቸዋል። የለውም፤ ታይሚንጉ፣ ማለት የሞተሩን ቫልቮች በጊዜያቸው የሚያስከፍተው፣ ቺንጋ ነው። በየ100 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል፤ ዳሽቦርዱ ላይ የሚያስታውስ መብራት አለው። ያገለገለ የሚሸጡ አንዳንድ ሰዎች መብራቱን ያጠፉና ቺንጋውን ይተውታል። ሲበጠስ ያ ሁሉ የብረት ጉልበት ምንም አያድንም።

አሁን ወደ ፕራዶ ልምጣ። የእህቴን ልጅ ጉዳይ የሚነካው እሱ ነው።

ፕራዶ አንድ መኪና አይደለችም። የ120ውን ቅርጽ ብቻ ውሰዱ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣውን። ከውጭ ሲያዩዋት አንድ ናት። ኮፈኗን ስትከፍቱ ግን ከሦስትና ከአራት ዓይነት ሞተር አንዱን ታገኛላችሁ። ኤልጄ 120 ላይ 5ኤል-ኢ የሚባል 3.0 ሊትር ናፍጣ አለ። ተርቦ የለውም፣ ናፍጣን በከፍተኛ ግፊት የሚረጨው ኮመን ሬልም የለውም። እንዲህ ዓይነቷ ፕራዶ ለዕርዳታ ድርጅቶች በጅብራልታር በኩል ትሸጥ ነበር። ጉልበቷ ትንሽ ነው፤ ዳገት ላይ የጭነት መኪና ይቀድማታል። ግን ያገኘችውን ናፍጣ ጠጥታ ትሄዳለች። ኬዲጄ 120 ላይ ያለው ደግሞ 1ኬዲ ነው። እሱም 3.0 ሊትር ናፍጣ ነው፤ ግን ተርቦና ኮመን ሬል አለው። ሲነዱት ልብ ያሞቃል። ጣርማ በርን ሳይደክም ይወጣል፣ ናፍጣም ይቆጥባል። ባለ 2.7 ቤንዚኗም አለች። ሰንሰለት አላት፣ ሞተሯ ጠንካራ ነው፤ ቤንዚን ግን አትጠግብም።

ጋዜጣው «ፕራዶ 2005» ብሎ ዋጋ ሲያወጣ እነዚህን ሁሉ በአንድ ስም ነው የጠራቸው።

የ1ኬዲ ነገር በሹፌሮችና በመካኒኮች ዘንድ በሰፊው የታወቀ ነው። ናፍጣውን ወደ ሞተሩ ከሚረጩት ኖዝሎች ሥር ትንንሽ የመዳብ ዋሸሮች አሉ። እነሱ ሲያልቁ የሲሊንደሩ ጋዝ ወደ ዘይቱ ይገባል። ዘይቱ እንደ ሬንጅ ይጠቁራል፣ ይወፍራል። ከታች የዘይት ፓምፑ የሚስብበትን ወንፊት ይደፍነዋል። ከዚያ ሞተሩ ያለ ዘይት ይሠራል፤ መጨረሻውን ታውቁታላችሁ። ዋሸሮቹ በጊዜ ከተቀየሩ ይህ ሁሉ አይመጣም። የዋሸሩ ዋጋ ከአንድ ጎማ ዋጋ ያንሳል። ስለዚህ ኬዲጄ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ስለ ቀለሟ አይደለም። «የኖዝል ዋሸር መቼ ተቀየረ?» ብሎ ነው መጠየቅ ያለበት።

ሁለተኛው የናፍጣው ንጽሕና ነው። እኔ ራሴ ተቀጥቼበታለሁ። በኬዲጄ 120 ከኦሞ ስንመለስ ማደያው ናፍጣ ጨርሶ ነበር። ከአንድ ቤት በበርሜል የሚሸጥ ናፍጣ 40 ሊትር ቀዳሁ። ሻጩ ንጹሕ ነው ብሎ ምሎልኛል። 60 ኪሎ ሜትር ሳልሄድ መኪናዋ መንተፋተፍ ጀመረች። ናፍጣው ውስጥ ውኃ ነበረበት። አራቱም ኖዝሎች ተበላሹ። እንግዶቹን በሌላ መኪና ላክኋቸው። እኔ አርባ ምንጭ ላይ ስምንት ቀን ተቀመጥኩ። ያን ናፍጣ ለሃርድቶፕ ሰጥቻት ቢሆን ፊልትሮ አጥቤ፣ ውኃውን አፍስሼ፣ እያነካከስኩም ቢሆን እቤቴ እገባ ነበር። ኮመን ሬል ናፍጣን በጣም በከፍተኛ ግፊት በጠባብ ቀዳዳ የሚረጭ ነው። ቆሻሻን አይታገስም። ይህ በቶዮታ ብቻ ሳይሆን በየትኛውም ኮመን ሬል ሞተር የሚደርስ ነው።

ከ120ው በፊት የነበረችው ኬዜድጄ 95 የራሷ ታሪክ አላት። ሞተሯ 1ኬዜድ-ቲኢ ነው። ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፤ ሙቀት ከመታው ይሰነጠቃል። ይህን በዓባይ በረሃ ነው የተማርኩት። ሚያዝያ ነበር። ከባሕር ዳር አራት እንግዶች ይዤ እመለሳለሁ። ከጉዞው በፊት መኪናዋ ጋራዥ ገብታ ነበር። መካኒኩ ሳይነግረኝ የውኃውን ዝውውር እንደ ሙቀቱ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ቴርሞስታት አውጥቶ ጥሎታል። «ለሞቃት ሀገር አያስፈልግም» አለኝ በኋላ ስጠይቀው። የማቀዝቀዣ ፈሳሹን፣ ኩላንቱንም፣ ደፍቶ የቧንቧ ውኃ ሞላበት። በዚህ ሞተር ላይ ቴርሞስታት ሲነሳ ውኃው ራዲያተሩ ውስጥ በደንብ ሳያልፍ በአቋራጭ ይመለሳል። ደጀንን ወርደን ድልድዩን ተሻገርን። ወደ ጎሐ ጽዮን ሽቅብ ስንጀምር የሙቀት መለኪያው መርፌ ከመሐል ተነሣ። ኤርኮንዲሽኑን አጠፋሁ፣ ማሞቂያውን ከፈትኩ። አልተመለሰም። ቆምኩ። ነጭ እንፋሎት ኮፈኑን አለበሰው። ዝንጀሮዎቹ ከገደሉ ላይ ሆነው ያዩናል። አንዲት አሮጊት እንግዳዬ ውኃዋን አውጥታ «ለመኪናው» ብላ ሰጠችኝ። ያንን አልረሳውም።

ቴስታታው በሁለት ቦታ ተሰንጥቆ ነበር። ማሸጊያው፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተቃጥሏል። የሁለት ወር ገቢዬ ሄደ። ጥፋቱ የዚያ ጋራዥ ነው፤ መኪናዋን አልወቅሳትም። ኬዜድጄ 95 ያለው ሰው ግን ይህን ይወቅ። ኩላንት በጊዜው ይቀየር፣ ቴርሞስታቱ አይነካ፣ ራዲያተሩ ይጽዳ። መርፌዋ ከመሐል ትንሽ ከተነሣች ቁሙ። «እስቲ ዳገቱን ልጨርስ» የሚባል ነገር የለም።

ከ120ው በኋላ የመጣችው ፕራዶ፣ ጂዲጄ 150፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ 2.8 ሊትር 1ጂዲ ሞተር ይዛለች። ታይሚንጓ ሰንሰለት ነው፤ ጥሩ ለውጥ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ግን ትልቅ ክርክር ተነሥቶባታል። በጭስ መውጫው መስመር ላይ ጥቀርሻ የሚይዝ ማጣሪያ አለ። ያ ማጣሪያ በትክክል ራሱን አላጸዳም። እ.ኤ.አ. በ2022 የአውስትራሊያ ፌዴራል ፍርድ ቤት መኪኖቹ ተቀባይነት ያለው ጥራት የላቸውም አለ። ነገሩ ከጥቅምት 2015 እስከ ሚያዝያ 2020 እ.ኤ.አ. የተሸጡ 264 ሺህ ገደማ ሃይሉክስ፣ ፎርቹነርና ፕራዶ መኪኖችን የሚመለከት ነው። ስለዚህ ፎርቹነርም ሃይሉክስም ከዚህች ፕራዶ ጋር የሚጋሩት ነገር አለ። ማጣሪያው የሌለባቸው ደግሞ በዚህ አይታሙም። እንግዲህ ገዢ መጠየቅ ያለበት «ይህችኛዋ ማጣሪያ አላት ወይስ የላትም?» ብሎ ነው።

ቪ8 የምንላት ላንድክሩዘር ላይ ብዙ አልቆይም። ቪዲጄ 200 ትልቅ ክብር ያላት መኪና ናት። 4.5 ሊትር፣ ሁለት ተርቦ። አስፋልት ላይ የሚደርስባት የለም። አቧራ ላይ ግን የመጀመሪያዎቹ ችግር እንደነበረባቸው አውስትራሊያውያን ቀድመው አይተዋል። አቧራ የአየር ፊልትሮውን እያለፈ ሞተር ውስጥ ይገባ ነበር፤ በኋላ ፊልትሮው ተሻሽሏል። በራስ ገንዘብ ገዝቶ በኪራይ ለሚያሠራ ሰው አልመክራትም። አንድ ተርቦ ሲበላሽ ሃርድቶፕን አንድ ዓመት የሚያሠራ ብር ይበላል።

ራቭ4 የታናሽ እህቴ ናት። ነርስ ነች፤ ከሲኤምሲ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ሲኤምሲ። ዘጠኝ ዓመት ሆናት። ዘይትና የፍሬን ሸራ ነው የምትጨምርላት። ለከተማ ከዚህ የተሻለ አልመኝላትም። ነገር ግን ራቭ4ም ዓመተ ምሕረቷ ይለያል። እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2003 የተሠሩት አንዳንድ ባለ አውቶማቲኮች ማርሽ ሲቀይሩ የሚያስደነግጥ ምት ነበራቸው። ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ነበር፤ ቶዮታም በአሜሪካ ለዚያ ኮምፒውተር ዋስትናውን አራዝሟል። ይህን የማያውቅ ሰው ካምቢዮ ነው ብሎ ሶማሌ ተራ ሄዶ ሙሉ ካምቢዮ ይገዛል። ችግሩ ግን እዚያው ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2008 የተሠሩት ባለ 2.4ዎች ደግሞ ዘይት ይበላሉ። ጥፋቱ የፒስቶኑና በዙሪያው ያለው ፋሻ ነው። ለዚህም ቶዮታ በአሜሪካ ተጨማሪ ሽፋን ሰጥቶ ነበር። እዚህ ያለ ገዢ ያ ሽፋን አይደርሰውም። እሱ ማድረግ የሚችለው በየሳምንቱ የዘይት መለኪያውን ማውጣት ነው።

እነዚህን ሁሉ የማነሣው መኪና ለማስጠላት አይደለም። አሁን ጊዜው ስለተለወጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ ሀገር እንዳይገባ ተከልክሏል። እዚህ ያሉት ናፍጣና ቤንዚን ቶዮታዎች ከእጅ እጅ እየተዘዋወሩ ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ። ሰው የሚገዛው የሌላውን ሰው ያለፈ አያያዝ ነው። ኤሌክትሪኮቹም ቢሆኑ ስሙ ብቻ አይበቃቸውም። የቶዮታ ቢዜድ4ኤክስ እ.ኤ.አ. በ2022 ገና ገበያ እንደወጣች በዓለም ዙሪያ 2,700 ያህሉ ተጠርተዋል። የጎማዋ ብሎኖች ሊላሉና ጎማው ሊወጣ ይችላል ተብሎ ነው። በኋላ ተስተካክሏል። ያገለገለች ቢዜድ4ኤክስ የሚገዛ ሰው ጥገናው በእሷ ላይ መሠራቱን ይጠይቅ።

አሁን ከእናንተ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ከባድ አይደለም፤ አንድ መስመር ቦታ ነው የሚወስደው። በመኪና ገጻችሁ ላይ ዋጋ ስታወጡ «ፕራዶ 2005» ብላችሁ አትተዉት። የሞዴሉን ኮድ ጨምሩ። ኮዱ ኮፈኑን ሲከፍቱ ከሞተሩ ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ ወይም በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ ላይ አለ። ከጄ በፊት ያሉት ፊደላት ሞተሩን ይናገራሉ። ኤችዜድ ከሆነ 1ኤችዜድ ነው። ኬዜድ ከሆነ 1ኬዜድ፣ ኬዲ ከሆነ 1ኬዲ፣ ጂዲ ከሆነ 1ጂዲ ነው። ኤል ብቻ ከሆነ ያቺ ዳገት ላይ የምትዘገየው ናት። ጄ የላንድክሩዘርና የፕራዶ ቤተሰብ ምልክት ነው። ቁጥሩ ትውልዱን ይነግራል። ደላላ ከኋላ ያለውን ምልክት ነቅሎ ሌላ ሊለጥፍ ይችላል። ሰሌዳውን ግን አይነካውም፤ ወይም ከነካው ያስታውቃል።

ያን ዓረፍተ ነገርም እንድታርሙት እጠይቃለሁ። የጻፈው ሰው በቅን ልብ እንደጻፈው አልጠራጠርም። ግን ዕቁብ ጥሎ መኪና የሚገዛ ሰው ጋዜጣ ያምናል። እኔም አምኜ ነው 20 ዓመት ያነበብኳችሁ።

የእህቴን ልጅ ደላላው ያሳየውን ፕራዶ አብሬው ሄጄ አየኋት። ሰሌዳዋ ኬዲጄ 120 ይላል። ሞተሯ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፈትኩ። ክዳኑ ሥር የተጋገረ ጥቁር ነገር ነበር፤ በጥፍሬ ስፍቀው እንደ ሬንጅ ተያያዘ። ባለቤቱን ስለ ኖዝል ዋሸር ጠየቅኩት። «ምን እሱ?» አለኝ። ለልጁ ምንም አልተናገርኩም፤ ጥፍሬን ብቻ አሳየሁት። በሚመጣው ቅዳሜ ቃሊቲ አካባቢ የቆመች አንዲት ኤልጄ 120 ልናይ ቀጠሮ ይዘናል። ወንበሯ ጨርቅ ነው፣ ቀለሟም ደብዝዟል። ባለቤቷ የጥገና ደብተር አላት ብሎናል። መጀመሪያ የማየው ያንን ደብተር ነው።

አክባሪያችሁ፣
የጉዞ መኪና ሹፌር፣ ከጎተራ፣ አዲስ አበባ